ለፀሐይ የተሰቀለው ፊት

«ገና አልደበዘዘም» አለ ላርቴይ፣ ግድግዳው ላይ የተወጠረውን ሸራ ጫፍ በጣቶቹ እያሸ። «ጥቂት ቀን ይቆይ። ፈረንጁ አዲስ ነገር አይገዛም፤ ፀሐይ የበላውን፣ አቧራ የጠገበውን ነው የሚፈልገው። ዓይኖቹን ግን እንዳትነኩብኝ! ፎቶውን ስልክለት ያበደው በእነሱ ነው።»

አዮርኮር ከሠዓሊው አባቷ ከኦዶይ ኋላ ቆማ ሥዕሏን ቀና ብላ አየች። ሁለት የዱቄት ጆንያ ተሰፍቶ በተሠራው ሸራ ላይ አንዲት ሰው በላ ጠንቋይ ከጢስ መካከል ትወጣለች፤ ዓይኖቿ ፍም ይመስላሉ። የፊልም ማስታወቂያ ነበር። ፊልሙ ግን አይታይም። የላርቴይ ቪዲዮ ቤት ሰው ሁሉ ወደ ስልኩ ከዞረ ወዲህ የሲሚንቶ መጋዘን ሆኗል። ማስታወቂያዎቹ የሚሰቀሉት አርጅተው ባሕር ማዶ ለመሸጥ ብቻ ነው።

የሰው ፊት እንድትሥልና ስሟን ከስሙ በታች እንድትጽፍ አባቷ ለመጀመሪያ ጊዜ የፈቀደላት በዚህ ሥዕል ነበር።

ከትምህርት ቤት ሲመለሱ የክፍል ጓደኛዋ አማርካይ በክርኑ ጎሸማት።

«አንቺ፣ የእማማ ዴዴይን ፊት ነው አይደል የሣልሽው? አሪፍ ነው! ሰፈሩ በሙሉ የሚያወራው ስለሱ ነው።»

«ምን እያለ?»

«ዓሣቸውን የሚገዛቸው ጠፋ። ያ የጎረቤታችን ሕፃን ታሟል አይደል? እናቱ ‹ጠንቋይዋ እሷ ናት፤ ሠዓሊዎቹ ያዩትን አይተው ነው የሣሉት› ብላለች።» ሳቀ፤ ፊቷን ሲያይ ግን ሳቁን ዋጠው።

አዮርኮር እነዚያን ዓይኖች የወሰደችው ስለወደደቻቸው ነበር። እማማ ዴዴይ ዕድሜ ልካቸውን ዓሣ በጢስ ሲያደርቁ ዓይናቸው ቀልቷል፤ በሰፈሩ ካለው ቀለም ሁሉ እንደዚያ ያለ ቀይ አይታ አታውቅም።

እማማ ዴዴይ ግቢ ስትደርስ ዓሣው በየትሪው እንደተከመረ ነበር። የጭቃው ምድጃ ከንፈር ተሰብሯል፤ ሥሩ ጡጫ የሚያህል ድንጋይ ወድቋል። ከአጥሩ ማዶ ሲያወሩ የነበሩ ሴቶች እሷን ሲያዩ ወደየቤታቸው ገቡ።

«ማነው የሰበረው እማማ?»

«እኔ እንጃ። ዓይኔን ታውቂው የለ? ሲወረወር ብቻ ሰማሁ።» አሮጊቷ ፊታቸውን ወደ ድምፅዋ አዞሩ። «ሥዕል ሠራሽ አሉኝ የኔ ልጅ። እንዴት ነው፣ አማረልሽ?»

አዮርኮር ድንጋዩን አንሥታ በደብተር ቦርሳዋ ከተተችው።

ማምሻውን ድንጋዩን አባቷ ፊት አስቀምጣ ነገሩን ሁሉ ነገረችው። ኦዶይ ብሩሹን እያጠበ አዳመጣት።

«እኔም ያንን ሁሉ ደም የምሥለው ወድጄ መሰለሽ?» አለ በመጨረሻ። «ገዢው ይበልጥ ቀዩን ይፈልጋል። ዓይኖቹ ከተነኩ አይወስደውም፤ ስምሽም እዚሁ ይቀራል። ሰው ደግሞ ይረሳል።»

«እስኪረሳ እሳቸው ምን ይሆናሉ አባዬ?»

ኦዶይ ውኃውን ደፋ። ብሩሹ ንጹሕ ነበር፤ እሱ ግን ሌላ ውኃ ቀድቶ ደግሞ ያጥበው ጀመር።

በማግሥቱ መንገዱ በገበያተኞች ሲሞላ አዮርኮር መሰላል ተሸክማ ቪዲዮ ቤቱ ጋ ደረሰች። ቀለምና ብሩሽ ይዛለች፤ የቤታቸውን መስተዋትም ከግድግዳው አውርዳ አምጥታዋለች። አማርካይ እየሮጠ መጣ።

«አብደሻል? ላርቴይ ይገድልሻል!»

«ይቺን ያዝልኝ» ብላ መስተዋቱን ሰጠችው። «ከፍ አድርጋት። ፊቴ በደንብ ይታየኝ።»

ከኋላቸው ሰዎች መቆም ጀመሩ። አንዲት ሴት ልጇን ወደ ቀሚሷ ሳበች። «ምን እያደረገች ነው?» አለ አንድ ድምፅ።

አዮርኮር መሰላሉን ወጣች። በመስተዋቱ ውስጥ ራሷን ደጋግማ አየች፤ ከዚያም ብሩሿን ነክራ የጠንቋይዋን ፊት በራሷ ፊት ልትተካ ከዓይኖቹ ጀመረች።