ሞተሩ ሳይሞቅ

እኔ በተፈጥሮዬ ተጠራጣሪ ሰው ነኝ። ልብስ ሰፊ ስለሆንኩ ይሆናል፤ ጨርቅ ሲያመጡልኝ መጀመሪያ የማየው ጀርባውን ነው። ባለቤቴ ጥላህንም አታምነው ትለኛለች። ይህን ሁሉ ጥርጣሬ ይዤ እንዴት እንደተሞኘሁ ልንገራችሁና፣ መኪና ልትገዙ ያሰባችሁ ሰዎች አንድ ጊዜ ቆም በሉ።

የባለቤቴ ጉልበት ታሞ ነበር። ታክሲ ላይ ስትወጣና ስትወርድ እንባዋ ይመጣል፤ ሐኪም ቤት ደግሞ በሳምንት ሁለት ቀን መመላለስ ነበረባት። ሱቄን ላሰፋበት ያስቀመጥኩትን ገንዘብ ይዤ መኪና ፍለጋ አንድ ደላላ ዘንድ ሄድኩ። አንዲት ደህና ትንሽ መኪና ትበቃን ነበር። ደላላው ግን ያንን ከፍ ያለ፣ ወንበሩ ቆዳ፣ ጣሪያው መስታወት የሆነ የሀብታም መኪና ሲያሳየኝ ልቤ ሸፈተ። አዲሱን መግዛት ለእንደኔ ዓይነቱ በሕልምም አይታሰብ። አሮጌው ግን ከትንሿ መኪና ዋጋ ብዙም አይበልጥም። ለምን ይህን ያህል ረከሰ ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። ያን ጊዜ ተጠራጣሪነቴ የት ገብቶ እንደነበር እንጃ።

ሠፈራችን ውስጥ ጋራዥ ያለውን መካኒክ እንዲያይልኝ ለመንኩት። ዝምተኛ ሰው ነው። ደላላው ግቢ ስንደርስ መኪናው ታጥቦ፣ አብረቅርቆ ቆሞ ጠበቀን። መካኒኩ የሞተሩን ክዳን፣ ኮፈኑን፣ በመዳፉ ነካ አደረገና ወደ እኔ ዞረ።

"ጋሼ፣ ዛሬ አይግዙ። ነገ በማለዳ፣ ማንም ሳያስነሳው መጥቼ ልየው። የሞቀ ሞተር አይናገርም።"

እኔም ኮፈኑን ነካሁት። ሞቅ ብሏል። ፀሐይ ነው ብዬ አለፍኩት። ደላላው ወደ ጎን ወስዶኝ፣ መካኒክ ቀጠሮ የሚያበዛው ሒሳቡን ለማብዛት እንደሆነ፣ ምናልባትም መኪናውን ለሌላ ደንበኛው አስቦት ይሆናል ብሎ ሹክ አለኝ። ይኸኔ ጥርጣሬዬ ብድግ አለ። ወዴት ብትሉ፣ ወደ መካኒኩ! የድካሙን ከፍዬ አሰናበትኩትና መኪናውን በዚያው ዕለት ገዛሁ።

በማግስቱ ጠዋት ስወጣ መኪናው በግራ ጎኑ ዝቅ ብሎ አገኘሁት። ጎማዎቹን ባይ አየር አላቸው። ሳስነሳው ከሞተሩ ውስጥ ቆርቆሮ ውስጥ ያለ ጠጠር የሚመስል ድምፅ ተሰማ። ትንሽ ቆይቶ ድምፁ ጠፋ፤ መኪናውም ቀስ እያለ ቀና አለ። በነጋታውም እንዲሁ ሆነ። ማንን ጠረጠርኩ መሰላችሁ? ጎረቤቴን። ሃያ ዓመት አጥር ተጋርተን የኖርነውን ሰው በሩ ላይ ቆሜ፣ ሌሊት ሌሊት መኪናዬን ምን እያደረግከው ነው አልኩት። በሩን ዘጋብኝ። ከዚያ ወዲያ ሰላምታችን ተቋረጠ።

በሦስተኛው ሳምንት ባለቤቴን ሐኪም ቤት ላደርስ ስሄድ ዳገት ላይ ማርሹ አልገባም አለ። መኪናው መሃል መንገድ ላይ ቀጥ። ከኋላዬ ጥሩምባው ቀለጠ። ባለቤቴ በዚያ ጉልበቷ፣ ትከሻዬን ተደግፋ፣ ዳገቱን በእግሯ ወጣችው። ጫፉ ላይ ስንደርስ እሷው ላቤን በነጠላዋ ጠረገችልኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

አፍሬ ወደ መካኒኩ ተመለስኩ። መኪናው ሥር ገብቶ ብዙ ቆየ። ሲወጣ አንድ በአንድ አስረዳኝ። ይህ መኪና የቆመው እንደ ሌላው በጥምዝ የብረት ሞላ ላይ ሳይሆን አየር በሚሞላው የጎማ ከረጢት ላይ ነው፤ የግራው ስለተቀደደ ሌሊት አየሩ ያልቃል፣ ሞተሩ ሲነሳ ተመልሶ ይነፋል። ሞተሩ ውስጥ ያለው ሰንሰለት ላልቷል፤ ቀዝቅዞ ሲነሳ ይንኳኳል፣ ሲሞቅ ድምፁን ያጠፋል። ማርሹን የሚቀይረው ካምቢዮም ዘይቱ ሳይቀየር ብዙ ዓመት ስለተነዳ ተበልቷል። የዕቃውና የእጁ ዋጋ ሲደመር መኪናውን ከገዛሁበት ግማሹን አለፈ።

"ያረጀው መኪናው ነው እንጂ ጋሼ፣ የዕቃው ዋጋ አላረጀም" አለኝ። "አሁንም የሚከፈለው እንደ አዲሱ ነው።"

ከዚህ በኋላ ያደረግኩትን ለመናገር አፌ ይተሳሰራል። ለሌላ ሰው ልሸጠው ቆረጥኩ። ያው ደላላ ገዢ አገኘልኝ። ገዢዋ ከመምጣቷ ግማሽ ሰዓት በፊት አስነስቼ እንዳሞቀው ሲመክረኝ፣ እኔን እንዴት እንደሸወደኝ ያን ጊዜ ገባኝ። ገብቶኝም አስነሳሁት። ባለቤቴ በመስኮት ብቅ ብላ ወዴት ልሄድ እንደሆነ ጠየቀችኝ። የትም አልኳት። የትም ካልሄድክ ለምን ታስነሳዋለህ አለችኝ።

ገዢዋ አስተማሪ ናት። አባቷ ወገባቸውን ስለሚያማቸው ከፍ ያለ መኪና ቢሆን ይመቻቸዋል ብላ ነው የመጣችው። ዞር ዞር ብላ አየችው። ብርድ ስለነበር ሁለት እጆቿን ኮፈኑ ላይ አሳረፈች።

"ሞቋል። ከሩቅ መጥተው ነው እንዴ ጋሼ?"

ደላላው ቀድሞኝ፣ አሁን ከገበያ መመለሳቸው ነው አላት። እኔ ግን ዓይኔ እጆቿ ላይ ቀረ። የእኔም እጅ እዚያው ላይ አርፎ ነበር፤ ያልጠየቅኩትን ጥያቄ እሷ ጠየቀችው። የባለቤቴ ዳገት ላይ ማነከስ ትዝ አለኝ፤ ነገ እኚያን ሽማግሌ ማን ደግፎ ያወጣቸዋል?

"የትም አልሄድኩም" አልኳት። "ጉዱን እንዳትሰሚ ብዬ ነው ያሞቅኩት። ነገ በማለዳ መካኒክ ይዘሽ ነይ፣ እኔም ቁልፉን አልነካም።"

ደላላው ክፉኛ ገላምጦኝ ሄደ። እሷ በነጋታው እኔ ከጠቆምኳት ከሠፈራችን መካኒክ ጋር መጥታ ወደ ግራ የተጋደመውን መኪና አየችና አመስግናኝ ተመለሰች። እኔም ዕቃውን ፈቶ ለሚሸጥ ሰው፣ ያለበትን ሁሉ ነግሬ፣ በርካሽ ሰጠሁት። ሱቄ እስከዛሬ አልሰፋም።

ጥርጣሬ ክፉ ነው አልላችሁም። እኔ ግን ያቻኮለኝን አምኜ፣ ቆይ ያለኝን ጠረጠርኩ። እናንተ ተቃራኒውን አድርጉ። ሻጭ ስትሆኑ ደግሞ የተሸወዳችሁበትን ለሌላ አታሸክሙ።

ጎረቤቴን ይቅርታ ስጠይቀው አንጀቱ ወዲያው አልራሰም። በቀረችን ገንዘብ አንዲት ትንሽ መኪና ልናይ በማለዳ ከመካኒኩ ጋር ስንወጣ ግን ጃኬቱን ደርቦ ተከተለን። ሻጩ ቤት ስንደርስ ከሁላችን ቀድሞ እጁን ኮፈኑ ላይ አኖረ።

"ቀዝቅዟል" አለኝ፣ ከስንት ጊዜ በኋላ ፈገግ ብሎ። "በል አስነሳው፣ አሁን ይናገር።"