ለማዶው ሰው አትመልሱ

ፈጠራ ነው የምትሉ ትኖራላችሁ። ፈጠራ ቢሆን ከእናንተ በላይ ደስ የሚለኝ እኔን ነበር... ግን ሆኗል።

ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ ነበር። እኛ ጋ በብርዱ ወራት ፀሐይ አትወጣም፤ በዚያ ሰዓት ድቅድቅ ጨለማ ነው።

ከአክስቴ ከማርጋ ቤት ቁልቁል ወንዙ ይታያል። በረዶ ሆኗል። ወዲህ ኖርዌይ፣ ወዲያ ሩሲያ።

እኔና ባልደረባዬ ሲንድሬ የድንበር ሰዎችን ኑሮ እናጠናለን። እሱ የኦስሎ ልጅ ነው፤ የተዘጋ ሱቅ እንኳ ሰላም ሳይል የማያልፍ ጨዋ። ባትሪ ሊያመጣ ታች ወንዙ ዳር ወዳቆምነው መኪና ሄደ።

እኔ የድምፅ መቅጃውን ከአጋዘን ሾርባው አጠገብ አስቀምጬ ጠየቅሁ።

"አክስቴ፣ ከማዶ ሰው እጁን ሲያውለበልብላችሁ ለምን አትመልሱም? ድንበር ተሻግሮ ሰላምታ መለዋወጥን የሚከለክለውን ሕግ ፈርታችሁ ነው?"

"ሕጉ ትናንት የመጣ ነው፣ የኔ ዶክተር። እኛ ድሮም አንመልስም።"

"ለምን?"

"የመለሱለት... ይመጣላ።"

በልቤ ሳቅሁ። "ፍርሃት እንደ ባህል" የሚል ርዕስ ሁሉ አወጣሁለት።

አክስቴ ግን ወደ መስኮቱ አይታ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

"ኤሌ... ያ ጎረምሳ ምን እያደረገ ነው?"

ሲንድሬ ወንዙ ዳር ቆሟል። ቀይ ኮፍያው በመኪናው መብራት ይታያል። ወደ ማዶ እጁን ያውለበልባል።

ከማዶ፣ የመኪናው መብራት በደረሰበት፣ አንድ ሰው መለሰለት።

ሲንድሬ ደገመ... ሰውየው የወንዙ መሃል ላይ ነው። ሲራመድ ግን አላየሁም።

"ሩጪ! እጁን አስወርጂው!"

ቁልቁል በረርኩ።

"ሲንድሬ! እጅህን አውርድ!"

"እምቢ አለኝ..." አለ በሹክሹክታ። "ኤሌ፣ እኔ አይደለሁም የማውለበልበው።"

የመኪናው መብራት ድርግም አለ።

በዳበሳ እጁን ያዝኩ። ስጎትተው ወረደልኝ። ሳልለቀው ሽቅብ ሮጥን።

እኔ አለከልካለሁ። እሱ ትንፍሽ አይልም።

በረዶው የሚንኮሻኮሸው ከእኔ ጫማ ሥር ብቻ ነበር...

አክስቴ በሩን ከውስጥ ቆልፋዋለች።

"አክስቴ ክፈቺ! አምጥቼዋለሁ!"

"ልጄ..." አለች ከበሩ ኋላ። "ማንን?"

ያን ጊዜ የድንበር ጠባቂዎቹ ማማ መብራት ወንዙን ጠረገው።

ከወዲያኛው ዳር፣ በሩሲያ በኩል፣ ቀይ ኮፍያ ያደረገ ሰው ቆሟል። ሲንድሬ ነው። እጁን ወደ እኛ ያውለበልባል።

ከጎኔ ያለው ቀዝቃዛ እጅ... የእኔን እጅ እንደጨበጠ ቀስ ብሎ ተነሳና መለሰለት።