የሐሞት መንገድ

«ይሄ ቆሽት ብቻውን የቆመ ነው የሚመስለው» አላት ቀዶ ሐኪሙ ሠዓሊዋን፣ ሥዕሏን ወደ መስኮቱ አስጠግቶ። «ትንሹ አንጀት ገና ከጨጓራ እንደወጣ የቆሽቱን ጭንቅላት እንዲህ ያቅፈዋል። የሚያጠጣቸው ደም ሥርም አንድ ነው። አንዱን ትቼ ሌላውን ልቁረጥ ብል አይሆንልኝም።»

«ዶክተር፣ አሁንም መለሱብኝ? የኔን ቆሽት አሳረሩት እኮ!»

ሳቀ። ሠዓሊዋም ሳትወድ በግድ ሳቀች።

ሥዕሉ ለተማሪዎቹ መጽሐፍ ነበር። ሲያርም፣ ሲመለስ፣ «እርስዎ» ቀርቶ «አንተ» ሆነ። ሥዕሉ ካለቀ በኋላም ሐኪሙ መምጣቱን አልተወም። ልቧ ወደ እሱ ከሄደ ቆይቷል፤ ለአባቷ ግን ትንፍሽ አላለችም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የሰፈሩ መድኃኒት ቤት በር ላይ ከአባቷ ጋር አየችው። ጆሮ ለጆሮ ገጥመው ያንሾካሹካሉ። ሲያዩዋት ዝም አሉ።

«ትተዋወቃላችሁ እንዴ?»

«ኧረ፣ መንገድ ጠይቆኝ ነው» አሉ አባቷ። ሐኪሙ ጫማ ጫማውን አየ።

ምን እየሸረቡ ነው? ሚስት ኖሮት አባቷ ደርሰውበት ይሆን? ወይስ እሷን ሳይጠይቁ ስለ እሷ ይዋዋላሉ? ሐኪሙ ስልኩ በጠራ ቁጥር እየወጣ ያወራል። ብትጠይቀው «የሥራ ነው» ይላል። ጥርጣሬው እህል አስጠላት።

አንድ ጠዋት አባቷ መስኮቱ ሥር ተቀምጠው ክንዳቸውን ያካሉ። ፀሐይ ፊታቸው ላይ ሲያርፍ የዓይናቸው ነጭ ቢጫ ሆኗል። ክው አለች። የሐሞት ቧንቧ በቆሽቱ ጭንቅላት ውስጥ አልፎ ነው ትንሹ አንጀት የሚገባው፤ ስንት ጊዜ ሥላዋለች! እዚያ ላይ እብጠት ከወጣ ሐሞቱ መሄጃ አጥቶ ወደ ደም ይመለሳል፤ ዓይንን ቢጫ ያደርጋል፣ ቆዳን ያሳክካል።

ሆስፒታሉ ድረስ በረረች።

«አባቴ በሽተኛህ ናቸው?»

ሐኪሙ የያዘውን ፋይል ዘጋ።

«አንድ ነገር በለኝ!»

«የበሽተኛ ምስጢር ላንቺም ቢሆን አላወጣም። ስለወደድኩሽ አፌ አይከፈትም... አባትሽን ጠይቂያቸው።»

«እኔ እኮ በልቤ ውሸታም ስልህ ነበር።»

«አውቃለሁ። ዓይንሽ ይናገር ነበር።»

አባቷ አልካዱም። «ሳትተኚ፣ ሳትበዪ እንዳትቀሪ ብዬ ነው፣ ልጄ። ልጄ መሆንሽንም ለሐኪሙ የነገርኩት ለማንም እንዳይተነፍስ ካስማልኩት በኋላ ነው።»

ሐኪሙ ቀዶ ሕክምናውን ለመምህሩ አሳልፎ ሰጠ። «የምወዳትን ልጅ አባት ብቀድ እጄ አይታመንም» አለ። ከእሷ ጋር አግዳሚው ላይ ቁጭ ብሎ ጠበቀ። የቀዶ ሕክምናው ክፍል በር ሲከፈት ሁለቱም ብድግ አሉ።

«እብጠቱ ከቆሽቱ ጀርባ ያለውን ትልቁን ደም ሥር አልነካውም» አሉ መምህሩ፣ ጭንብላቸውን እያወረዱ። «የቆሽቱን ጭንቅላትና ያቀፈውን አንጀት አብረን አውጥተናል። እንኳን ደስ ያላችሁ።»

ደረቱ ላይ ተደፍታ አለቀሰች።

አባቷ ቤት ገብተው ጥቂት ጥቂት መቅመስ ሲጀምሩ፣ ሐኪሙ በረንዳው ላይ እጇን ያዘ።

«ታገቢኛለሽ?»

«ብታመም መጀመሪያ ለማን ትነግራለህ?»

«ላንቺ።»

«አንተስ ብትታመም?»

«ላንቺ።»

«እንግዲያው አገባሃለሁ!»

«ለኔማ ማንም ምንም አይነግረኝም ማለት ነዋ!» አሉ አባቷ ከመኝታ ክፍሉ። «በሉ ግቡ፣ ልመርቃችሁ!»