የያድሪየል ክንድ

አሰልጣኝ ኤሌውቴሪዮ ፖላንኮ በልጆቹ የቤዝቦል ሜዳ፣ መቺው ከሚቆምበት ነጭ ሰሌዳ አጠገብ በጀርባው ተዘርግቶ ተገኘ። ማጅራቱ ላይ ደም ደርቋል፤ ከጆሮው አጠገብ አንድ ኳስ ወድቋል። ዕለቱ ቅዳሜ ነበር። ከሰዓት በኋላ ልጆቹ የዋንጫ ጨዋታ ነበረባቸው።

ኢንስፔክተር ሚላግሮስ ታቫሬስ ከሳን ፔድሮ ስትደርስ ዓይኗ ቀልቷል። ሌላ ሬሳ ላይ ቆማ ነበር ያደረችው፤ ጉልበቷም አልታዘዝ ብሏታል። እንደ ምንም አጎነበሰች።

«ኳስ ነው የመታው» አለ የሜዳው ጠባቂ ሽማግሌው ሲንፎሮሶ፣ ባርኔጣውን ደረቱ ላይ ይዞ። «ብቻውን ሲለማመድ ይሆናል። ሰው መች ዋስትና አለው፣ እመቤቴ?»

«በዚያ ዝናብ?»

ዝናቡ ትናንት ከቀትር ጀምሮ እስከ ምሽት ወርዶ ሜዳውን ቀይ ጭቃ አድርጎታል። የሰፈሩ ሰው ሬሳውን ለማየት ሲጋፋ ዱካውን ሁሉ ደምስሶታል። የሟቹ ጫማ ሶል ግን ንጹሕ ነው። ኳሱም ከከረጢት እንደወጣ ነጭ ነው።

ሚላግሮስ ከመንገዱ በሚያመጣው የሲሚንቶ መተላለፊያ በሜዳው ዳር ወዳለው የተጫዋቾች መጠለያ ሄደች። ወለሉ በአቧራና በሱፍ ገለባ ተሞልቷል። የሲሚንቶው መቀመጫ አንዱ ጠርዝ ብቻ ታጥቦ ያበራል።

«ይህን አንተ ነህ ያጠብከው?»

«እኔማ ወገቤ ከተያዘ ወዲህ ባልዲ አንስቼ አላውቅም።»

ቀጥላ ረዳት አሰልጣኙን ዊልፍሪዶን ጠራችው። ጠይም፣ ቀጭን፣ ችኩል ወጣት ነው።

«ቦታውን ይመኝ ነበር ብለው ነግረውሻል አይደል?» አለ ገና ሳይቀመጥ። «አዎ፣ ተመኝቼ ነበር! ግን በዚህ መንገድ አይደለም።»

«ዛሬ ኳስ ወርዋሪው ማን ነበር?»

«ያድሪየል ነዋ! ሌላ ማን አለንና? ትናንት ረፋዱ ላይ ከአሰልጣኙ ጋር ስንለያይ እንደዚያ ተባብለናል።»

የያድሪየል እናት እስፔን ለሥራ ከሄደች ወዲህ ልጁን ያሳደገው አጎቱ ሩዴሲንዶ ነው። በስኳር ፋብሪካው ጆንያ ሲሸከም ትከሻው በር የሚያክል ሆኗል። እሱንም ጠራችው።

«አሰልጣኙን መጨረሻ ያየኸው መቼ ነው?»

«ሐሙስ። ከዚያ ወዲህ ዓይኑን አላየሁትም፤ ነፍስ ይማር።»

«ልጁ አሁን መጫወት ይችላል?»

«ለምን አይችልም? ከዋና ከተማ ተጫዋች መልማይ ሊያየው ይመጣል እኮ! ፋሻውን ፈትቶ ይወረውራል። አሰልጣኙ ሲያካብደው ነው እንጂ ክንዱ ምንም አልሆነ።»

ሚላግሮስ ቀና አለች። ልጁን ስትገባ አይታዋለች። አጥሩን ተደግፎ ቆሟል። በዚያ ሙቀት እጅጌው እስከ መዳፉ የሚደርስ ጃኬት ለብሷል። ፋሻ የሚባል ነገር አይታይም።

ሄዳ አጠገቡ ቆመች።

«ልጄ፣ ክንድህን ማን ነው ያሰረልህ?»

ያድሪየል ደነገጠ። «አሰልጣኜ። ትናንት አመሻሽ ላይ፣ እዚያ መጠለያው ውስጥ። ክርኔ አብጦ ነበር። ‹ነገ አትወረውርም፤ ይህ ክንድ ገና ብዙ ዘመን ይፈለጋል› አለኝ።»

«አጎትህስ አየው?»

«አላየም። አሰልጣኜ ‹እኔ ራሴ እነግረዋለሁ፣ አንተ ዝም በል› ብሎኛል። ጃኬቴን ሳላወልቅ ነው የተኛሁት።»

ሚላግሮስ ትከሻውን መታ መታ አደረገችው። ከዚያ ልጆቹን ከአጥሩ ውጭ አስወጥታ ሦስቱን ሰዎች መጠለያው ውስጥ ሰበሰበች።

«ኳስ የሚጠብቅ ሰው ፊቱን ወደ ኳሱ ያዞራል» አለች ቀስ ብላ። «የዚህ ሰው ቁስል ግን ማጅራቱ ላይ ነው። ጭቃው ውስጥ በእግሩ አልገባም፤ ጫማው ንጹሕ ነው። የሞተው እዚህ፣ ይህ የታጠበው ጠርዝ ላይ ነው። ከዚያ ተሸክመው ወሰዱት፤ ኳሱንም አጠገቡ አስቀመጡለት። ሲንፎሮሶ ባልዲ እንኳ አያነሳም።»

ወደ ዊልፍሪዶ ዞረች።

«አንተም አይደለህም። ያድሪየል እንደሚወረውር አምነህ ነው ያደርከው፤ ክንዱ መታሰሩን አታውቅም። ሩዴሲንዶ ግን ያውቃል። ልጁ አላሳየውም። ሊነግረው የሚችለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ክንዱን ያሰረው ትናንት አመሻሽ ላይ ነው። ሩዴሲንዶ፣ ከሐሙስ ወዲህ አላየሁትም ያልከኝ ሰው ይህን መቼ ነገረህ?»

ትልቁ ሰውዬ መቀመጫው ላይ ዘጭ አለ።

«ገፋሁት እንጂ አልመታሁትም» አለ ድምፁ ተሰብሮ። «ለምኜዋለሁ እኮ። አንድ ጨዋታ ብቻ! ልጁ እንደኔ ጆንያ ሥር እንዳይቀር ነው።»

«እሱም ለዚያው ነበር እንዳይወረውር ያለው» አለች ሚላግሮስ። ድምፏ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ለቁጣ የሚሆን አቅም አልቀራትም።

ሩዴሲንዶን ወስደው መኪና ላይ ሲያወጡት ያድሪየል እየሮጠ መጣ።

«በኔ ምክንያት ነው? እኔ ስለነገርኩዎት ነው?»

«አይደለም» አለችው። «ራሱ ነው የተናገረው።» ግማሹ እውነት ነበር። ግማሹን ሲያድግ ያገኘዋል።

ልጁ መኪናው የሄደበትን አቅጣጫ እያየ ቆየ።

«እና አሁን ወደ ቤት የሚወስደኝ ማን ነው?»

ሚላግሮስ ስለ አልጋዋ ስታስብ ነበር። ያበጠውን ክንዱን ላለመንካት በሌላኛው ጎኑ ዞረችና እጁን ያዘችው።

«ቤታችሁ በየት በኩል ነው?» አለችው፤ እያነከሰችም አብራው መንገድ ጀመረች።