ያልተንኳኳው የጓሮ በር

ወይዘሮ የሺመቤት በገዛ ቤታቸው እንግዳ ሆነው ሞቱ። ወሎ ሰፈር፣ ከቦሌ መንገድ ገባ ብሎ ያለውን ቪላ ያሠሩት እሳቸውና ሟች ባላቸው ነበሩ። በቀይ ሽብሩ ዓመት አንድ ልጃቸው ተካልኝ ሲጠፋ ቤቱ «የፀረ አብዮተኛ ቤት» ተባለና ተወረሰ፤ ቆይቶም ቀበሌው የአረጋውያን መጦሪያ አደረገው። ጧሪ ያጡት ባለቤቲቱም ከማጀቱ አጠገብ፣ ድሮ ዕቃ ቤታቸው በነበረችው ክፍል፣ አንድ አልጋ ተሰጣቸው። አይ ጊዜ! ባለቤቱን ተጧሪ፣ ተጧሪውን ባለቤት ያደርጋል።

መቶ አለቃ ኤርሳዶ በ1975 ዓ.ም. ኅዳር ወር፣ በአንድ ብርዳማ ጠዋት እዚያ ሲደርስ የቀበሌው የማኅበራዊ ጉዳይ ኮሚቴ ሊቀመንበር ጓድ ወልደጻድቅ በረንዳው ላይ ይንጎራደድ ነበር።

«ብዙ ምርመራ የሚፈልግ ነገር አይደለም» አለ ገና ሳይጨባበጡ። «ጤና ረዳቷ ሶሬቲ ትላንት መርፌ ወጋቻት፤ አሮጊቷ ጠዋት ሞታ ተገኘች። ልጅቷ ጴንጤ ናት። ፍራሿ ውስጥ መጽሐፍ ቅዱስ አግኝተናል። ከምሳ በኋላ ከከፍተኛ ቀበሌው መጦሪያውን የሚቆጣጠሩ ጓዶች ይመጣሉ፤ ለእነሱ አስረክባታለሁ።»

«አሁን የት ናት?»

«ከሰል ቤት ቆልፌባታለሁ።»

«ታዲያ እኔን ለምን ጠራኸኝ?»

«ለወጉ ነዋ! ፖሊስ አይቶታል እንዲባል።»

ኤርሳዶ አልፎት ወደ ውስጥ ገባ። በዚያ ዘመን ለጓዶቹ የተሰጠ ሰው ተመልሶ ስለመምጣቱ ማንም እንደማይምል ያውቃል። ሰው ሲያናግር ፊት ሳይሆን እጅና እግር የሚያይ ሰው ስለሆነ ባልደረቦቹ «ሊስትሮው» ይሉታል። እሱም ስሙን አልጠላውም።

ሬሳው በጀርባው ቀጥ ብሎ ተጋድሟል፤ ዓይኑ ተከድኗል። ኤርሳዶ የላይኛውን ከንፈር ገለጥ ሲያደርግ ውስጡ በጥርስ ተተርትሮ ደም አቁሯል። የዓይኑ ነጭም ቀያይ ነጠብጣብ ጣል ጣል ብሎበታል። ክንዱን ሊያነሳ ቢሞክር እንደ እንጨት ደርቋል።

«ልጅቷን አምጣት» አለ።

ሶሬቲ ከሰል የነካውን ፊቷን በእጅጌዋ እየጠረገች ገባች። የነቀምት ልጅ ናት፤ ቀጭን፣ ዓይነ ትልቅ።

«መርፌው የምን ነበር?»

«የአስም ነው፣ መቶ አለቃ። ከራት በፊት ወጋኋቸው፤ ትንፋሻቸውም ተመለሰ። ‹ተካልኝ ሲመጣ ለሱ ነው የምድርሽ› ብለው ቀለዱብኝ።»

«ይመጣል ብለው ያምኑ ነበር?»

«ማታ ማታ የጓሮውን በር ያንኳኳል ይላሉ። ሦስቴ ነው የሚንኳኳው፤ ቀስ ተብሎ።» በእጇ ወደ ጓሮው ጠቆመች። «እኔም ሰምቼዋለሁ። በዚህ ቤት ያልሰማው የለም።»

«ጠዋት ስትገቢስ ምን አየሽ?»

ብርድ ልብሱን ከእግርጌው ገለጠችው። «ይኸውልዎት። እኔ አላሰርኩም።» ሁለቱ የእግር አውራ ጣቶች በነጭ ፈትል አንድ ላይ ታስረዋል።

ኤርሳዶ ቋጠሮውን ጎንበስ ብሎ አየና ወደ ሊቀመንበሩ ዞረ። «ጓድ፣ እስቲ በረንዳው ላይ ጠብቀኝ።» ወልደጻድቅ እየተነጫነጨ ወጣ።

«አሁን ንገሪኝ። ትላንት የተጣላቸው ሰው ነበር?»

ሶሬቲ በሩን አየች። «ራት ላይ እማማ የሺ ‹ነገ ለሚመጡት ሰዎች ልጄ የት ነው ብዬ እጠይቃለሁ› አሉ። ጓድ ወልደጻድቅ ጮኸባቸው። ‹ልጅሽን ያስያዘው የገዛ ቤትሽ ሰው ነው፤ እሱን ጠይቂ!› አላቸው። እማማ እንደዚያ ዝም ሲሉ አይቼ አላውቅም።»

ከግቢው በር ላይ ዘበኛው ጋሽ ሙክታር ጋቢያቸውን ተከናንበው ፀሐይ ይሞቃሉ።

«ማታ የገባ የወጣ አለ፣ ጋሽ ሙክታር?»

«ወላሂ የለም! ጓዱም ሰዓት እላፊ ይዞት ቢሮው ነው ያደረ። ውስጥ የነበሩት እሱ፣ ጤና ረዳቷ፣ አስታማሚዋ ተናኜና ከአልጋቸው የማይነሱት ሽማግሎች ናቸው።»

«የሚያንኳኳውስ?»

ሽማግሌው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አላህ ይጠብቀን! ስንቴ በባትሪ ዞሬያለሁ መሰልህ። ከውጭ ሰው የለም፤ ክረምት እንኳን ጭቃው ላይ ኮቴ የለም። ትላንት ግን አልተንኳኳም። እዚህ ከተቀጠርኩ አንድ ቀን ቀርቶ አያውቅም ነበር።»

«ጠዋት መጀመሪያ የወጣው ማነው?»

«ተናኜ ናት፤ ዳቦ ልታመጣ፣ ገና ጎህ ሲቀድ። ነጠላዋን ዘቅዝቃ ባያት ጊዜ ‹ምነው፣ ማን ሞተ?› አልኳት። ‹ኧረ ብርዱ ነው!› አለችኝ። ተመልሳ ዳቦውን ስታስቀምጥ ነው ሶሬቲ ‹ኡኡ!› ያለችው።»

ተናኜ ከልጅነቷ ጀምሮ የየሺመቤት ሠራተኛ ነበረች። ቤቱ ሲወረስ ቀበሌው አስታማሚ ብሎ ከነማጀቱ ተቀበላት። ኤርሳዶ ሲገባ ምስር ትለቅማለች፤ ዓይኗ አብጧል። መቀመጫ ልታመጣለት ስትነሳ አረማመዷን አየ። ውስጥ እግሯን ሳታሳርፍ፣ በጠርዝ በጠርዙ ነው የምትራመደው።

«እግርዎን ምን ሆኑ፣ እትዬ ተናኜ?»

«ሪህ ነው፣ ጌታዬ።»

«ትላንት ማታ እሜቴን መጨረሻ ያያቸው ማነው?»

«እንጃ። እኔ ሳህን አጥቤ ተኛሁ።» ድንጋይ ይሁን ምስር ሳታይ ከሰፌዱ አንስታ ጣለች።

ኤርሳዶ የጓሮውን በር ከፍቶ ዘጋው። ከማጀቱ መተላለፊያ ጫፍ ላይ ነው፤ ከተናኜ መኝታ እጅ ቢዘረጋ ይደረሳል። ጣቱን አጥፎ ከውስጥ በኩል ሦስቴ አንኳኳ። ከሽማግሎቹ ክፍል አንድ ሰው «በስመ አብ!» ብሎ ጮኸ።

ከምሳ በፊት ሁሉንም ሳሎን ሰበሰባቸው።

«መርፌ አልገደላቸውም» ብሎ ጀመረ። «መርፌ ከንፈር አይተረትርም። ታፍነው ነው የሞቱት።»

«የወጋቻት ልጅ ናታ ያፈነቻት!» አለ ወልደጻድቅ።

«ረጋ በል። ገዳይ ‹በእንቅልፏ ሞተች› እንዲባል ከፈለገ ሬሳውን እንደነበረ ይተዋል። እዚህ ግን አንድ ሰው ዓይናቸውን ከድኗል፣ እግራቸውን ገጥሞ አስሯል። የደረቀ ሬሳ እንደዚያ አይገጥምም፤ ገና ሳይቀዘቅዙ ነው የታሰሩት። ስለዚህ ያሰረው ሰው መሞታቸውን ሌሊቱን ያውቃል፤ አውቆም ዝም ብሏል። ሶሬቲ ብትሆን ፈትሉን በጥሳ ትጥለው ነበር፤ እሷ ግን ራሷ ገልጣ አሳየችኝ። አንተ ደግሞ፣ ጓድ፣ አትቀየመኝና፣ በሕይወት እያሉ ያላከበርካቸውን ሞተው አትገንዛቸውም። ይህን ያደረገ ሰው ይወዳቸው ነበር።»

ኤርሳዶ ወደ ተናኜ ዞረ።

«ሰው ሳይሞት ነጠላ የሚዘቀዝቅ የለም። እትዬ ተናኜ፣ ሶሬቲ በሩን ሳትከፍት እርስዎ ሐዘን ተቀምጠዋል። እጅዎ ከአፍዎ ቀድሞ መርዶውን ነገረ።»

ተናኜ ነጠላዋን ጨበጠች። ጥለቱ አሁንም አንገቷ ስር ነበር።

«የጓሮው በርም አለ። ከውጭ ኮቴ ከሌለ የሚንኳኳው ከውስጥ ነው። ትላንት ያልተንኳኳው የሚያንኳኳው ሰው እሜቴ ክፍል ስለነበረ ነው። ሪህ ያሉኝን እግር ደግሞ አውቀዋለሁ። ውስጥ እግሩን የተገረፈ ብዙ ሰው በቀይ ሽብሩ ዓመት ሲራመድ አይቻለሁ።»

ወልደጻድቅ ጣሪያውን ማየት ጀመረ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ያኔ ልጁን ሊይዙ ከመጡት አንዱ እሱ ነበር።

«ኮርኒሱ ውስጥ ነው ያለው አልኩ» አለች ተናኜ ቀስ ብላ። «አላስቻለኝም፤ ተናገርኩ። እሜቴ ሾላ ገበያ ወጥተው ነበር። እዚያው ጓሮ ገደሉት። እኔ ደሙን አጠብኩ። ሲመለሱ ‹እኔን ገርፈው ሄዱ፤ እሱ ግን አምልጦ ጠፋ፣ ሱዳን ይገባል› አልኳቸው። እህል እምቢ አሉ፤ እንቅልፍ እምቢ አሉ። ምን ላድርግ? አንድ ማታ በሩን አንኳኳሁ። ‹ልጄ! ፈርቶ ሄደ እንጂ አለ!› ብለው ተነሱ። ያን ቀን በሉ፤ ተኙ። ከዚያ ወዲያ እንዴት ልተወው?»

ሶሬቲ አፏን በእጇ ያዘች።

«ትላንት ማታ ላንኳኳ ስነሳ ጠሩኝ። ‹ያኔ በዚህ ቤት የነበርነው እኔና አንቺ ነን› አሉኝ። እግራቸው ላይ ወደቅኩ። እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ። ‹ተናኜ፣ የልጄ ደም…› ብለው ሊረግሙኝ ጀመሩ። የእናት እርግማን እኮ ነው፣ ጌታዬ! ቃሉ እንዳይወጣ ነው አፋቸውን የያዝኩት። ቃሉን ነው ያፈንኩት… እሳቸውን አልመሰለኝም።»

ከውጭ የመኪና ጡሩምባ ተሰማ፤ ጓዶቹ መጡ። ወልደጻድቅ ኮሌታውን አስተካከለ። «መልካም! ቢሆንም የልጅቷ መጽሐፍ ቅዱስ ጉዳይ…»

«ጓድ» አለ ኤርሳዶ፣ ለእሱ ብቻ እንዲሰማ። «ራት ላይ ያወጣኸውን ምስጢር እንግዶቹ ይስሙት ወይስ ልጅቷ ሥራዋን ትቀጥል?»

ሊቀመንበሩ ወደ በሩ፣ ከዚያ ወደ ሶሬቲ አየ። መጽሐፉን ከጠረጴዛው መሳቢያ አውጥቶ ሳያያት ሰጣት። ኤርሳዶ በዚህ ድርድር አልኮራም፤ በዚያ ዘመን አንድ ሰው ማትረፍም ቀላል አልነበረም።

ተናኜ ፖሊስ መኪናው ጋ ስትደርስ ቆመች።

«መቶ አለቃ፣ እርግማኑን እኮ አልጨረሱትም። ያልተጨረሰ እርግማን ይደርሳል?»

ኤርሳዶ ወደ መኪናው በር እጁን ዘረጋ። «እኔ እንጃ፣ እትዬ ተናኜ» አለና በሩን ከፈተላት።

በዚያ ምሽት ማንኳኳቱ አልነበረም፤ በማግስቱም አልነበረም። ጋሽ ሙክታር ግን ሰዓቱ ሲደርስ ባትሪያቸውን ይዘው ወደ ጓሮ ይዞራሉ። በሩ አጠገብ ትንሽ ይቆማሉ፤ ከዚያ ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ።