ሁለት ማሽን፣ አንድ አድራሻ

ዲስኩ ካልሲው ውስጥ ነው። በሩ ጋ ለመድረስ አስር እርምጃ ቀርቶታል።

«ማንም እንዳይወጣ!»

የጥበቃ ኃላፊው ጋንቼቭ ነው፤ ከደረጃው አናት ላይ ሆኖ ይጮኻል። «የጭነት መዝገቡ ተቋርጧል። ኔትወርኩ እስኪመለስ በሩ ይዘጋ! ስቬትሊን፣ አንተ ከኔ ጋ ና!»

ስቬትሊን ዞረ። ፊቱ ላይ የሚነበበው ሥራው የሰለቸው የኮምፒውተር ባለሙያ መልክ ነው። ይህን መልክ ሁለት ዓመት ሙሉ ለብሶታል። በዚህ የቡርጋስ ወደብ የመርከብ ድርጅት ውስጥ እውነተኛ ስሙን የሚያውቅ የለም። የላኩት ሰዎች «ወፍጮ» ይሉታል።

ብልሽቱ በማን እጅ እንደመጣ ግን ገምቷል።

ቀኑ የቅዱስ አንቶን ነው፤ የሥራ ባልደረባው የቶንቾ የስም ቀን። ቶንቾ የአንቶን ቁልምጫ ነው፤ ባለስሙም ቀኑን እንደ ልደቱ ያከብረዋል። ጋባዡ ባለስሙ ነውና ቶንቾ ከጠዋት ጀምሮ የቸኮሌት ሳጥኑንና ራኪያውን፣ የፍራፍሬ አረቄውን ይዞ ከፎቅ ፎቅ ሲዞር ዋለ። የትኛውም ቢሮ አንድ መለኪያ ሳያስጨልጠው አይለቀውም። ኮምፒውተሩን ክፍት ትቶ ነው የሄደው። ማንን ይጠርጥር? ስቬትሊንን?

ወፍጮ ይህን ቀን ሦስት ወር ጠብቋል። ጠዋት በቶንቾ ወንበር ተቀመጠ። ሰርቨሩ አንድ ብረት ነው፤ ውስጡ ግን በሶፍትዌር የተሠሩ አስራ ሁለት ማሽኖች አሉ። ከነሱ አንዱ የጭነት መዝገቡን ይዟል። በስድስት መርከቦች «የእርሻ መሣሪያ» ተብሎ የሚሄደው ጥይት እዚያ ተጽፏል። ማሽኑን እንዳለ ቀዳው። አንዱን ቅጂ በዲስክ ያዘ። ሌላውን ቅጂ ሳያበራ እዚያው ሰርቨሩ ላይ ተወው። «ለመጠባበቂያ» ብላ ያዘዘችው አለቃው፣ «ሐኪሟ» ናት። ከኪቦርዱ ሥር ተለጥፎ የተገኘውን የቶንቾን የይለፍ ቃልም ጠይቃ ወስዳለች።

ለምን እንደፈለገችው አልጠየቃትም ነበር።

ሰርቨር ክፍሉ ውስጥ ጋንቼቭ ከጀርባው ተገተረ። ቶንቾም ራኪያ ራኪያ እየሸተተ ደረሰ።

«ምን ሆነ ልጄ? በኔ ስም ቀን ሰርቨሩም ሰከረ እንዴ?»

«ኬብሉን ይዩልኝ ጋሽ ቶንቾ።»

«ተሰክቷል። መብራቱም አረንጓዴ ነው።»

ወፍጮ ወደ መዝገቡ ምልክት ላከ። መለሰ። ደግሞ ላከ። ዝም። መለሰ። ዝም።

ጉዳዩ ገብቶታል። ብቻውን ቢተዉት በሁለት ደቂቃ ቅጂውን አጥፍቶ «የኬብል ችግር ነበር» ብሎ ይወጣል። ቶንቾ ግን ሠላሳ ዓመት በሙያው የኖረ ሰው ነው። መነጽሩን አውርዶ ስክሪኑ ላይ አጎነበሰ።

«ቆይ፣ ቆይ። አንድ አድራሻ ሁለት ማሽኖች ይዘውታል! የሆነ ሰው መዝገቡን ቀድቶ ቅጂውን አብርቶታል። ኔትወርኩ ለየትኛው እንደሚያደርስ ግራ ገብቶት ነው።»

«ማን ነው የቀዳው?» አለ ጋንቼቭ።

«ቀላል ነው፤ ሰርቨሩ ማን ምን እንደሠራ ይመዘግባል። ክፈትለት ልጄ።»

ወፍጮ ኬብሉን ደግሞ ነካካ።

«ክፈትለት እንጂ!»

ከፈተው።

የቀዳው፦ ቶንቾ። ከሃያ ደቂቃ በፊት፣ ከውጭ በኢንተርኔት ገብቶ ያበራው፦ ቶንቾ።

ሽማግሌው ሳቀ። ወዲያው ሳቁ ጠፋ። «እኔ? እኔ እኮ አራተኛ ፎቅ ስጋብዝ ነበር!»

«የይለፍ ቃልህን ለማን ሸጥከው?» አለ ጋንቼቭ።

«ምን ነካህ ሰውዬ! ስቬትሊን፣ ንገረው እንጂ። ጠዋት ክፍሉ ውስጥ አንተ ነበርክ። ማን ወንበሬ ላይ እንደተቀመጠ ሳታይ አትቀርም። ንገረው ልጄ።»

ዲስኩ ቁርጭምጭሚቱን ይቆረቁረዋል። አንድ ቃል ቢተነፍስ ቶንቾ ቤቱ ይገባል፤ ስድስቱ መርከቦችም ጥይቱን ይዘው ይሄዳሉ።

«እኔ ያየሁት ሰው የለም» አለ።

አፈረ። በሕይወቱ እንዲህ አፍሮ አያውቅም። ቅጂውን አጠፋ። መዝገቡ ሳያቋርጥ መመለስ ጀመረ፤ በሩም ተከፈተ። ቶንቾን ሁለት ጠባቂዎች ብብቱን ይዘው በጓሮ በኩል አወጡት።

ሐኪሟ ባሕሩ ዳር ያለው መናፈሻ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ሱፍ ትፈለፍላለች። ዲስኩን ሳታየው ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

«ቅጂውን ያበራሽው አንቺ ነሽ።»

«እኔ ነኝ።»

«ሳትነግሪኝ?»

«ብነግርህ እሺ ትል ነበር? መዝገቡ መቀዳቱን ማወቃቸው አይቀርም፤ ሌባ እስኪይዙ ደግሞ ፍለጋቸውን አያቆሙም። ነገ አንተ ጋ ይደርሱ ነበር። ሰው ሰጠናቸው፣ አለቀ።»

«ምንም የማያውቅ ሽማግሌ ነው!»

«ለዚህ ነው የመረጥኩት። ቢመረምሩትም የሚያወጣው የለም።»

ሊሰድባት አፉን ከፈተ፤ ስድቡ ግን ለራሱም የሚገባ ሆነበት። ማሽኑን ያበራችው እሷ ናት፤ ዝም ያለው እሱ ነው። በሌላ ስም የተዘጋጀለትን ፓስፖርት ተቀብሎ ሄደ።

አውቶቡስ ተራው ላይ ነፋሱ ሰውን ሁሉ አንገቱን አስደፍቶታል። ሰልፉ ውስጥ ገባ። ስልኩን ሊሰብረው ሲያወጣ ጠራ። ማንሳት አልነበረበትም።

«ስቬትሊን?» ሴትዮዋ ትንፋሽ አጥሯታል። «የቶንቾ ሚስት ነኝ፣ ስቶይካ። አንተዋወቅም። የሆነ ነገር ከገጠመኝ ለስቬትሊን ደውዪ ብሎ ቁጥርህን ጽፎልኝ ነበር። ቤቱን ፖሊሶች እየፈተሹት ነው። እባክህ፣ የት ወሰዱት?»

ከፊቱ የቆመው ሰው ዞር ብሎ አየው።

«ተሳስተዋል እናቴ» አለ፤ ድምፁን ለወጠ። «ስቬትሊን የሚባል ሰው እዚህ የለም።»

«ውይ፣ ይቅርታ ልጄ። በከንቱ አስቸገርኩህ» አለችና ዘጋችው።