ሰማንያ ሜትር

የወንድሜን እግር የሰበረው ሰው አጠገቤ ተቀምጦ እርሳስ ይቀርጻል። አለቃችን ለሁለታችን አንድ ጠረጴዛና አንድ ስክሪን ሰጥቶ «ተስማማችሁም አልተስማማችሁም አንድ የከርሰ ምድር ሞዴል ይዛችሁ ኑ» ብሎን ሄደ። እሳትና ጭድ ማለት እኛ ነን።

የሰውዬው ሥራ ድምፅ ወደ መሬት ተልኮ ሲመለስ፣ ከዚያ የምድርን ሆድ ምስል ማውጣት ነው። ባለፈው ጉድጓድ የታመቀው ጋዝ ስንት ሜትር ላይ እንዳለ የነገረን እሱ ነበር። ጋዙ ግን እሱ ካለው ሰማንያ ሜትር ቀድሞ ተገኘ። ማንም አልተዘጋጀም፤ ቧንቧው ተስፈንጥሮ የቁፋሮ አለቃ የሆነውን ታላቅ ወንድሜን ጣለው። ከዚያ ወዲህ ሰውዬውን በስሙ ጠርቼው አላውቅም። «ሰማንያ ሜትር» ነው የምለው፣ ያውም ፊት ለፊቱ።

አሁን ወንድሜ ወደ አዲሱ ጉድጓድ ሊመለስ ነው። እኔ ጉድጓድ ውስጥ መሣሪያ አውርጄ የድምፅን ፍጥነት የምለካ ነኝና፣ ምስሉ ዳግመኛ እንዳይሳሳት እሱ ጋ ተመደብኩ።

«እስቲ ስህተትህን አስረዳኝ» አልኩት።

«አለቱ እንደ ወረቀት የተነባበረ ነው። ድምፅ ንብርብሩን ተከትሎ ወደ ጎን ሲሄድ ይፈጥናል፤ አቋርጦት ወደ ታች ሲወርድ ይዘገያል። ከላይ የምንሰማው ገደድ ብሎ የሄደውን ነው። ቁልቁልም እንደዚያ የሚፈጥን መስሎን ጋዙን አርቀን አስቀመጥነው።»

«ይሄን ያኔ አታውቅም ነበር?»

«አውቅ ነበር። ልዩነቱ ምን ያህል እንደሆነ ግን ጉድጓዱ ውስጥ ካልተለካ ከላይ ሆኖ አይታወቅም።»

«ታዲያ ለምን አላስለካህም?»

ወደ ስክሪኑ ዞረ። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የእሱ ዝምታ ግን ደሜን አፈላው።

ሳምንታት እንዲህ አለፉ። እኔ እናገራለሁ፣ እሱ ይሠራል። አንድ ቀን ሳስል ሰምቶ እኔ ላይ የሚነፍሰውን ማራገቢያ ወደ ራሱ አዞረው። ተነሥቼ መለስኩት።

«ሳሉ ይሻልሻል?» አለኝ።

«ካንተ ውለታ ሳሉ ይሻለኛል።»

ፈገግ አለ። ዓይኑ ትንሽ ቆየብኝ፤ እኔም ቶሎ አላነሣሁም። በራሴ ተናደድኩ።

እሁድ ምሳ ላይ ወንድሜ «ያ ልጅ ምን ይላል?» ሲል ጠየቀኝ።

«ምን ይላል፣ አፉን ለጉሞ ይውላል። ለምን አላስለካህም ስለው ፊቱን ያዞራል።»

ወንድሜ ማንኪያውን አስቀመጠ።

«እስካሁን አልነገረሽም?»

«ምኑን?»

«ቁፋሮው ይቁምና መሣሪያ ይውረድ ብሎ ለምኖኝ ነበር። ላንተ ብዬ አንድ ቀን ሙሉ አላቆምም አልኩት። አደጋውን ላጣሩት መርማሪዎች ቢናገር ዛሬ ሥራ የለኝም። እሱ ዝም ብሎ ሲሸከምልኝ እኔም ዝም አልኩ።»

ምሳዬን ትቼ ተነሣሁ።

በማግሥቱ ቦርሳዬን ጠረጴዛው ላይ ወረወርኩት።

«ለምን ደበቅከኝ?»

«እግሩ ተሰብሮ የተኛ ሰው ላይ ጣቴን ልቀስር?»

«እኔስ? ይህን ሁሉ ጊዜ በከንቱ ስጠላህ?»

«ሰምቻለሁ። ፎቁ ሁሉ ሰምቷል።»

«አሁንም ጠልቼሃለሁ።»

«እሺ።»

አንጀቴን በላው። እንደምወደው ያወቅሁት እየተናደድኩበት ሳለሁ ነው። ማራገቢያውን ራሴ ወደ ግድግዳው አዞርኩት።

«ሞዴሉ አሁንም ግምት ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ለልኬት ቁፋሮውን መሐል ላይ ካላቆሙልን ያው የበፊቱ ነው የሚሆነው። ወንድምሽ ያቆማል?»

«እኔ እንጃ።»

ይቁም የተባባልንበት ጥልቀት ላይ ስንደርስ ሦስታችንም ጉድጓዱ ጋ ነበርን። ወንድሜ ምርኩዙን ተደግፎ መጀመሪያ ማሽኑን፣ ቀጥሎ እሱን አየ። ፊቱ ጠቁሯል።

«አቁሙ» አለ።

መሣሪያዬን አወረድኩ። ልኬቱ ሲገባ ጋዙ ሞዴሉ ላይ ወደ እኛ ቀረበ፤ ሠራተኛው ሁሉ ተዘጋጅቶ ጠበቀው። ሲመጣ ልዩነቱ ሁለት ሜትር ብቻ ነበር። ማንም አልተጎዳም።

«ሁለት ሜትር» አልኩት።

«ስሜን ልትቀይሪው ነው?»

«አስብበታለሁ። እሁድ ሰባት ሰዓት ቤታችን ለምሳ ና።»

እሁድ ገና ለሰባት ሩብ ጉዳይ ሲል በሩ ተንኳኳ። ወንድሜ እያነከሰ ሄዶ ከፈተ። ሰዓቱን አየ፣ ቀጥሎ ሰውዬውን።

«አንተ ያልከው ነገር መቼም ሳይቀድም አይመጣም» አለው፣ ፊቱን ሳይፈታ።

ከዚያ ተመልሶ ከእኔ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ያስደገፈውን ምርኩዙን አንሥቶ ቦታውን ለቀቀለት።